ቀዩ ቦኔት የማን ነው? አንድ ኮፍያ የሠራዊት ንብረት የሆነበት የኡጋንዳ ጉዳይ

በመስከረም 2019 መጨረሻ ላይ ኡጋንዳውያን ጉድ ሰሙ። ትናንት አድርገውት የወጡት ቀይ ቦኔት የሠራዊቱ ንብረት ሆኗል ተባለ። ይዞት የተገኘ ሲቪል ይከሰሳል። ቅጣቱ እስከ ዕድሜ ልክ እስራት ይደርሳል።

ለኮፍያ!

ሲቪል ሰው የወታደር ልብስ እንዳይለብስ የሚከለክል ሕግ አዲስ ነገር አይደለም። በብዙ አገር አለ። ባርባዶስ ወይም ጃማይካ ለሽርሽር የሄደ ቱሪስት የወታደር ዓይነት ዥንጉርጉር ቁምጣ ለብሶ ከተገኘ ሕግ ጥሷል። ብዙዎቹ ይህን የሚያውቁት እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው። የኡጋንዳውን የመረጥኩት ግን ሌላ ቦታ የማይታይ ነገር ስላለው ነው። እዚህ ኮፍያው መጀመሪያ የሕዝብ ፋሽን ሆነ፤ ሕጉ ከኋላው መጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በፊት ግን ስለ አንድ ቃል ላውራ። እኛ ሠራዊቱን "መለዮ ለባሽ" እንላለን። መለዮ "ለየ" ከሚለው ግስ የመጣ ነው፤ መለያ ማለት ነው። እንደኔ እንደኔ፣ ሕጎቹ ሁሉ የቆሙበት ሐሳብ እዚህ አንድ ቃል ውስጥ አለ። ወታደሩ ከሲቪሉ ይለይ። በጦርነት ጊዜ ማን ላይ መተኮስ እንደማይቻል ይታወቅ። በሰላም ጊዜ ደግሞ ኬላ ላይ "ቁም" ያለህ ሰው ወታደር ይሁን ሽፍታ እንድታውቅ። ይህ የሚናቅ ምክንያት አይደለም። የሠራዊት ልብስ ለብሶ የሚዘርፍ ሌባ ኡጋንዳም ውስጥ አለ፣ ሌላም አገር አለ።

ስለዚህ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ማን ከማን ሊምታታ ነበር?

ነገሩ የጀመረው በሪባን ነው

ኮፍያው ከመምጣቱ በፊት ቀይ ሪባን ነበር። በ2017 የኡጋንዳ ገዥ ፓርቲ የፕሬዚዳንትን የዕድሜ ጣሪያ ከሕገ መንግሥቱ ሊያወጣ ተነሣ። ጣሪያው 75 ዓመት ነበር። ከ1986 ጀምሮ ሥልጣን ላይ ያሉት ዮዌሪ ሙሴቬኒ በይፋ የሚነገረው የልደት ዘመናቸው 1944 ነው። ሒሳቡን ለእናንተ ልተወው። ጣሪያው ቢቆይ ኖሮ ለ2021 ምርጫ መወዳደር አይችሉም ነበር።

ተቃዋሚዎች "ቶጊክዋታኮ" የሚል ዘመቻ ጀመሩ። በሉጋንዳ ቋንቋ "እንዳትነካው" እንደ ማለት ነው። የማይነካው ሕገ መንግሥቱ መሆኑ ነው። የፓርላማ አባላት ግንባራቸው ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው ገቡ። በመስከረም 2017 እዚያው ፓርላማ ውስጥ ወንበር እስከ መወራወር ተደባደቡ። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። ሕጉ ግን በታኅሣሥ ወር አለፈ። ጣሪያው ተነሣ፤ ቀዩ ቀለም ሰው ላይ ቀረ።

ከእነዚያ የፓርላማ አባላት አንዱ ሮበርት ኪያጉላኒ ሰንታሙ ነበር። በዚህ ስሙ የሚጠራው ጥቂት ሰው ነው፤ ለብዙው ቦቢ ዋይን ነው። ካምዎኪያ በምትባል የካምፓላ ድሃ ሰፈር ያደገ ዘፋኝ ነው። በሰኔ 2017 የኪያዶንዶ ምሥራቅን የማሟያ ምርጫ በግሉ ተወዳድሮ አሸነፈ። በዚያን ጊዜ ገና 35 ዓመቱ ነበር። አብዛኛው የኡጋንዳ ሕዝብ ከእሱም ያነሰ ወጣት መሆኑን ልብ በሉ። አብዛኛው ከሙሴቬኒ ሌላ መሪ አይቶ አያውቅም።

ሪባኑ ወደ ቦኔት የተለወጠው ቀስ በቀስ ነው። ቦቢ ዋይን "ፒፕል ፓወር"፣ ማለትም የሕዝብ ኃይል፣ የሚል ንቅናቄ አቋቋመ። ቀዩ ቦኔት መታወቂያው ሆነ። ምርጫው ያለ ነገር አይደለም። ቀይ ቦኔት በአፍሪካ ፖለቲካ የራሱ ታሪክ አለው። የቡርኪና ፋሶው ቶማስ ሳንካራ ያደርገው ነበር። በደቡብ አፍሪካ የጁሊየስ ማሌማ ፓርቲ ከ2013 ጀምሮ ያደርገዋል፤ ፓርላማ ድረስም ይዞት ገብቷል። ከአህጉሩ ውጭ ደግሞ የቬኔዝዌላው ሁጎ ቻቬዝ አለ። ሳንካራና ቻቬዝ የጦር መኮንኖች ነበሩ። ማሌማና ቦቢ ዋይን ግን ወታደር ሆነው አያውቁም። ቦኔቱን የተዋሱት ለመልኩ ነው፤ የትግል ሽታ ስላለው።

እዚህ ላይ ለመንግሥቱም ፍትሐዊ ልሁን። የኡጋንዳ ወታደራዊ ፖሊስ ቀይ ቦኔት ያደርጋል። ያደርግም ነበር። ስለዚህ "ቀይ ቦኔት ከሠራዊቱ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም" ማለት ውሸት ነው። እኛም አገር ቢሆን ቀይ ቦኔት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ኮማንዶ ነው። በእኛ በ2011 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ቤተ መንግሥት ሄደው ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ፑሽ አፕ የሠሩትን ወታደሮች የማያስታውስ አለ? የፖለቲካ ንቅናቄ ቦኔት ሲመርጥ የወታደርን ግርማ እየተዋሰ እንደሆነ ያውቃል። ቦቢ ዋይንም ያውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ግን መዋስና ማምታታት ይለያያሉ። ቲሸርትና ጂንስ ለብሶ፣ ጭንቅላቱ ላይ ቀይ ቦኔት ጣል አድርጎ፣ ዘፈን እየዘፈነ በቦዳ ቦዳ ሞተር የሚያልፍ ልጅ አይቶ "ወታደራዊ ፖሊስ መጣ" የሚል የካምፓላ ሰው ያለ አይመስለኝም። ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር የምትኖሩ አበሾች ይህን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

ሁለት ወር ብቻ

የቀኖቹን ቅደም ተከተል ስታዩ ነገሩ ይበልጥ ይገባችኋል። ቦቢ ዋይን ለፕሬዚዳንትነት እወዳደራለሁ ብሎ በይፋ ያስታወቀው ሐምሌ 24 ቀን 2019 ነው። የሠራዊቱ የአለባበስ ደንብ በነጋሪት ጋዜጣ የታተመው መስከረም 18 ቀን 2019 ነው። በመካከሉ ሁለት ወር እንኳ የለም።

ደንቡ የሠራዊቱን አልባሳት ይዘረዝራል። ኮፍያዎች አሉበት፣ የደንብ ኮቶች አሉበት። ከእነዚህ መካከል ቀዩ ቦኔት አለ። ሰው የሰማው ግን ወዲያው አልነበረም። ወሬው የወጣው ወሩ ሊያልቅ ሲል ነው። ነጋሪት ጋዜጣ ማን ያነባል? ከጠበቃና ከጋዜጠኛ በቀር ማንም። ሕግ ደግሞ ከታተመበት ቀን ጀምሮ እንደሚታወቅ ይቆጠራል።

የሠራዊቱ ቃል አቀባይ የነበሩት ብርጋዴር ሪቻርድ ካሬሚሬ እርምጃውን የሙያ ሠራዊት መልክና ማንነት ከማስያዝ ጋር አያይዘው ደገፉት። ስለ ፖለቲካ አላወሩም። ቦቢ ዋይን በበኩሉ ንቅናቄያችን ከቦኔት በላይ ነው አለ። ምልክቱን ብትወስዱ ሰዉን አትወስዱትም ዓይነት መልስ ነበር።

የሚገርመው ሙሴቬኒም የሚታወቁት በባርኔጣ መሆኑ ነው። ያንን ሰፊ ክብ ባርኔጣቸውን ያላየ የለም። ሲፈልጉ ደግሞ የጦር ልብስ ለብሰው ይወጣሉ። የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ስለሆኑ ሕግ አይከለክላቸውም። በአንድ ምርጫ አንዱ ተወዳዳሪ ዥንጉርጉር መልበስ ይችላል፤ ሌላው ቦኔት ማድረግ አይችልም። ይህን ማንም ሳያብራራው የኡጋንዳ መራጭ ያየዋል።

ዋናው ነገር በሩ ነው

ብዙ ሰው ይህን ወሬ ሲያነብ የዕድሜ ልኩ ቅጣት ላይ ቆመ። እኔ ግን የሚያሳስበው ሌላ ይመስለኛል። ጥያቄው ስንት ዓመት ይታሰራል ብቻ ሳይሆን የት ይዳኛል የሚለውም ነው።

የ2005ቱ የኡጋንዳ የመከላከያ ኃይል አዋጅ አንድ ድንጋጌ ነበረው። በተለምዶ የሠራዊቱ ብቻ የሆነ መሣሪያ፣ ጥይት፣ ዕቃ ወይም ልዩ ንብረት ያለ ፈቃድ ይዞ የተገኘ ሲቪል በወታደራዊ ሕግ ሥር ይወድቃል ይላል። ሐሳቡ ሲነሣ ስለ ጠመንጃ ይመስላል። ክላሽ ይዞ የተያዘ ሰው ማለት ነው። ነገር ግን "የሠራዊቱ ብቻ የሆነ" የሚለውን ዝርዝር የሚያወጣው ማን ነው? ራሱ ሠራዊቱና መንግሥቱ። ዝርዝሩ ላይ ጠመንጃ የጻፈ እጅ ኮፍያም መጻፍ ይችላል። ያን ጊዜ ኮፍያ ያደረገ ሲቪል ዳኞቹ መኮንኖች የሆኑበት ፍርድ ቤት ሊቆም ይችላል ማለት ነው። በሩ የምለው ይህ ነው።

ይህ የቲዎሪ ስጋት እንዳይመስላችሁ። ቦቢ ዋይን ራሱ ቀምሶታል። በነሐሴ 2018 አሩዋ በምትባል ከተማ የማሟያ ምርጫ ቅስቀሳ ነበር። ሹፌሩ በጥይት ተገደለ። እሱ ታሰረና ጉሉ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረበ። ክሱ በሕገ ወጥ መንገድ የጦር መሣሪያ መያዝ ነበር። ሲቀርብ በደንብ መራመድ አይችልም ነበር፤ ተደብድቤያለሁ አለ። በሳምንቱ ወታደራዊው ክስ ተነሣ። ወዲያው ግን በሲቪል ፍርድ ቤት በአገር ክህደት ተከሰሰ። ከዚያ በዋስ ወጥቶ ለሕክምና ወደ አሜሪካ ሄደ። ስለዚህ በ2019 ቀዩ ቦኔት ዝርዝሩ ላይ ሲገባ ደጋፊዎቹ በሩ ወዴት እንደሚያስገባ ያውቁ ነበር።

አንድ ንጽጽር ላምጣ፤ አጭር ነው። በታኅሣሥ 1967 ሂውስተን፣ ቴክሳስ ውስጥ አንድ ወጣት የወታደር ልብስ ለብሶ የቬትናምን ጦርነት የሚቃወም አጭር ድራማ መንገድ ላይ ሠራ። ቦታው የምልመላ ጣቢያ ደጃፍ ነበር። ቀይ ፈሳሽ በሚረጭ የውሃ ሽጉጥ አንዱን "ቬትኮንግ"፣ ማለትም አሜሪካ የምትዋጋውን የቬትናም ሽምቅ ተዋጊ፣ ይመቱታል፤ ሲወድቅ ቀርበው "አምላኬ፣ እርጉዝ ሴት ናት!" ይላሉ። ወጣቱ ተከሶ ስድስት ወር እስራትና 250 ዶላር ተፈረደበት። የአሜሪካ ሕግ ተዋናይ የወታደር ልብስ እንዲለብስ ይፈቅድ ነበር። ነገር ግን "ሠራዊቱን የማያዋርድ ከሆነ" የሚል ቅጥያ ነበረው። በ1970 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን ቅጥያ ሰረዘና ወጣቱን ነጻ አወጣው። ጦርነቱን ላወደሰ ልብሱ ተፈቅዶ፣ ለነቀፈ እስር ከሆነ፣ ሕጉ የሚከለክለው ልብስን ሳይሆን ንግግርን ነው ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ ግን ያለ ፈቃድ መለዮ መልበስን የሚከለክለውን ዋናውን ሕግ አልነካውም።

የኡጋንዳው ደንብ እንዲህ ዓይነት ቅጥያ የለውም። "ተቃዋሚ ከሆንክ" የሚል ቃል አታገኙበትም። ለሁሉም እኩል የተጻፈ ነው። ብልጠቱም እዚህ ላይ ነው። በዚያን ዓመት ካምፓላ ውስጥ ቀይ ቦኔት የሚያደርገው ወይ ወታደራዊ ፖሊስ ነው፣ ወይ የቦቢ ዋይን ደጋፊ ነው። ሦስተኛ ሰው የለም። የአሜሪካው ሕግ ሐሳቡን በአደባባይ ስለተናገረ ዳኛ ያዘው። ይህኛው ግን ዝም ብሎ የቀለምና የቅርጽ ዝርዝር ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው

በሐምሌ 2020 ንቅናቄው ብሔራዊ የአንድነት መድረክ በሚል ስም እንደ ፓርቲ ብቅ አለ። የምርጫ ምልክቱ ጃንጥላ ሆነ። ቀዩ ቀለም ግን አልጠፋም። ቦኔቱም አልጠፋም። ሰው እያወቀ ያደርገው ነበር።

ጥቅምት 14 ቀን 2020 ፖሊስና ወታደር የፓርቲውን ጽሕፈት ቤት ካምፓላ ውስጥ ከበቡት፤ ገብተውም ፈተሹ። የተሰጠው ምክንያት የሠራዊት ልብስ ፍለጋ ነበር። ፓርቲው ደግሞ ከቦኔቶቹ ጋር ገንዘብና ለዕጩነት ያሰባሰብናቸው ፊርማዎች ተወሰዱብን አለ። የዕጩዎች ምዝገባ ሊጀመር የቀረው ሦስት ሳምንት አይሞላም ነበር። እንግዲህ የልብስ ሕግ ምን ሊሠራ እንደሚችል ተመልከቱ። ኮፍያ ልፈልግ ብሎ የገባ ሰው መሳቢያ ሁሉ ይከፍታል።

በኅዳር ወር ቦቢ ዋይን ዕጩነቱን አስመዘገበ። ኅዳር 18 ቀን ቅስቀሳ ላይ ሉካ በምትባል ወረዳ ታሰረ። በተነሣው ተቃውሞ ቢያንስ 54 ሰዎች ሞቱ። ከዚህ በኋላ ስለ ኮፍያ ማውራት የሚከብድ ይመስላል። ግን አንድ ነገር አለ። በታኅሣሥ መጀመሪያ መኪናው ላይ ተተኮሰ ካለ በኋላ ቦቢ ዋይን ጥይት የማይበሳው ጃኬትና የብረት ቆብ አድርጎ መቀስቀስ ጀመረ። ፎቶዎቹ ዛሬም አሉ። ቦኔት አታድርግ የተባለው ሰው ከማንም በላይ ወታደር መስሎ ምርጫውን ጨረሰ። ያን ልብስ የመረጠው ለፋሽን አልነበረም።

ምርጫው ጥር 14 ቀን 2021 ተካሄደ። ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ሙሴቬኒ 58 በመቶ ገደማ፣ ቦቢ ዋይን 35 በመቶ ገደማ አገኙ ተባለ። እሱ ተጭበርብሯል አለ። ቤቱ ከአሥር ቀን በላይ በወታደር ተከብቦ ቆየ፤ ከበባው የተነሣው ፍርድ ቤት ካዘዘ በኋላ ነው።

በሩስ? የሚዘጋ መስሎ ነበር። ማይክል ካባዚጉሩካ የተባሉ የተቃዋሚ ፓርላማ አባል በ2016 ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርበው ነበር። እሳቸው "እኔ ሲቪል ነኝ፣ እዚህ ምን እሠራለሁ?" ብለው ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት አመለከቱ። በሐምሌ 2021 ፈረደላቸው። መንግሥት ይግባኝ አለ። ጉዳዩ ዓመታት ተንከባለለ። በመጨረሻ ጥር 31 ቀን 2025 በዋና ዳኛው አልፎንስ ኦዊኒ ዶሎ የሚመራው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲቪሎችን በወታደራዊ ፍርድ ቤት መዳኘት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። በሂደት ላይ ያሉት ክሶች ቆመው ወደ ሲቪል ፍርድ ቤት ይዛወሩ አለ።

ወዲያው የተጠቀሙት በሕዝብ ዘንድ የታወቁት ኪዛ ቤሲጊዬ ናቸው። ሙሴቬኒ ሥልጣን ከመያዛቸው በፊት በነበረው የጫካ ትግል ጊዜ የእሳቸው ሐኪም ነበሩ፤ በኋላ አራት ጊዜ በምርጫ ተፎካከሯቸው። በኅዳር 2024 ናይሮቢ ውስጥ ተይዘው ካምፓላ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርበው ነበር። ከውሳኔው በኋላ፣ የረሃብ አድማ ካደረጉ በኋላም፣ ጉዳያቸው ወደ ሲቪል ፍርድ ቤት ሄደ። ከእስር ግን አልወጡም።

ሙሴቬኒ ውሳኔውን አልወደዱትም፤ ስሕተት ነው አሉ። በግንቦት 2025 ፓርላማው የመከላከያ አዋጁን አሻሽሎ ሲቪሎች በተወሰኑ ሁኔታዎች እንደገና በወታደራዊ ፍርድ ቤት እንዲዳኙ የሚያስችል ሕግ አወጣ። ሰኔ ላይ ተፈረመ። ፍርድ ቤቱ በሩን ከዘጋው አምስት ወር አልሞላም ነበር።

ይህን ጉዳይ ሳጠና ወዳጄ "እና አሁን ቦኔት ያደረገ ሁሉ ታስሯል?" ብሎ ጠየቀኝ። አልታሰረም። እንዲህ ያለ ሕግ ሁሉንም ማሰር አያስፈልገውም። ፖሊስ የፈለገውን ሰው በፈለገው ቀን ለማስቆም ምክንያት ይሰጠዋል። ሌላውን ቀን ዝም ይላል። የትኛው ቀን የትኛው እንደሚሆን ለባሹ ስለማያውቅ ራሱ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ ያስባል። ላድርገው? ልተወው?

ደግሞ ለተጓዥ። በኡጋንዳ ሲቪል ሰው የወታደር መሳይ ልብስ መልበስ ሕገ ወጥ ነው፤ ዥንጉርጉሩም ጭምር። ለጎሪላ ጉብኝትም ሆነ ዘመድ ለመጠየቅ የምትሄዱ ሰዎች ሻንጣችሁን ከመዝጋታችሁ በፊት ባለብዙ ኪሱን ዥንጉርጉር ሱሪ አውጡት። ቀይ ኮፍያ ካላችሁ ደግሞ ባለ ጥላው የቤዝቦሉ ይሁን።